ዳጉ በሁለት ጎማ

ሞተረኞች ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምንጠያየቀው ስለ ቤተሰብ አይደለም፤ ስለ መንገድ ነው። «ከወለንጪቲ ወዲያ እንዴት ነው?» «ድልድዩ ጋ ጠጠር ፈስሷል፤ ግራህን ያዝ።» «ነፋሱስ?» «ከቀትር በኋላ ይብሳል፤ ቀድማችሁ እለፉ።» በዚህ ዓይነት ወግ ነዳጅ ማደያ ጥግ ግማሽ ሰዓት መቆም እንችላለን። ባለመኪና ቢሰማን ሥራ ፈቶች እንመስለዋለን። እሱ «መንገዱ ጥሩ ነው» ካለ አስፋልት አለው ማለቱ ነው፤ ለእኛ ግን ይህ ገና ምንም አልተነገረንም ማለት ነው። ኩርባው ላይ የተንጠባጠበ ናፍጣ አለ ወይ? ፍየሎቹ የሚሻገሩት በስንት ሰዓት ነው? ተሳቢ መኪና በአጠገብህ ሲያልፍ የሚገፋህን ነፋስ የሚከልል ዛፍ አለ ወይስ ሜዳ ነው?

ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ ምሳሌ ላድርግ። ከባድ መኪኖች በሙቀት የለሰለሰውን አስፋልት ዓመት ሙሉ ሲረግጡት ሁለት ቦይ ያወጡበታል። የተገፋው አስፋልት ደግሞ በቦዮቹ ዳርና መካከል ጠርዝ ሆኖ ይነሣል። ባለአራት ጎማው ቦዩን እንደ ሐዲድ ይዞ ይነጉዳል። ባለሁለት ጎማው አንዴ ከገባበት ለመውጣት ጠርዙን በሰያፍ መሻገር አለበት፤ ጎማው ደግሞ በሰያፍ ሲሻገር መንሸራተት ይወዳል። ይህን የወደቀ ሰው ብቻ ነው የሚነግርህ። እኔ አንድ ጊዜ ወድቄ ለሦስት ሰዎች ነግሬአለሁ፤ ስለዚህ ዕዳዬን የከፈልሁ ይመስለኛል።

አፋሮች ለዚህ ነገር ስም አላቸው፦ ዳጉ። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ፤ ጥላ ካለ ይቀመጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ ሣሩ የት ደረሰ፣ የትኛው ጉድጓድ ውኃ አለው፣ ገበያው እንዴት ዋለ፣ መንገድ ላይ ማንን አየህ፣ ሰላም ነው ወይ። ዋናው ነገር ግን ወሬው ራሱ አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው። በዐይንህ ያየኸውንና ከሰው የሰማኸውን ለይተህ ትናገራለህ፤ ከሰው ከሆነም ከማን እንደሰማህ ትጠየቃለህ። ውሸት የጨመረ ሰው ከዚያ በኋላ ወሬው ዋጋ ያጣል፤ በዚያ አገር ደግሞ ወሬው ዋጋ ያጣ ሰው ከብቱን የሚመራበት ነገር የለውም። በየማደያው የምናደርገው ወግ የዳጉ የሩቅ ዘመድ ነው ብዬ ለራሴ ካሰብሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው ኅዳር ግን ዝምድናው ይህን ያህል ቅርብ እንዳልሆነ አየሁ።

አራት ነበርን። አንደኛው የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ አብሮት መንዳት ፈተና ነው፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቆሞ ጥልቀቱን በጫማው ይለካል። ሁለተኛዋ አነስተኛ የልብስ ማምረቻ ያላት ጓደኛችን ናት፤ ከሁላችንም የተሻለች ነጂ እሷ ናት፤ ይህን ደግሞ ሦስታችንም በየፊናችን እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የተናገረ ግን የለም። ሦስተኛው ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሲሆኑ ዕድሜአቸውን በሙሉ የነዱት ያማሃ ዲቲ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ንብረት የነበረውን ዓይነት። የዛሬውን የራሳቸው ገንዘብ ገዝቶታል። አራተኛው እኔ ነኝ፣ ባለ ቦክሰሩ። በ2011 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ሲታገድና ፈቃድ ያለው ብቻ እንዲንቀሳቀስ ሲወሰን አብዛኛው ጓደኛችን ሸጦ ተገላገለ፤ እኛ ግን ወረቀታችንን አሟልተን ቀረን። ግትርነት ይሁን ፍቅር አላውቅም።

መድረሻችን መልካ ወረር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ ናቸው። የወጣትነት ሥራቸውን የጀመሩት በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ላይ ነው። «ጥጡ ነጭ ሆኖ ሜዳውን ሲሸፍነው አንድ ጊዜ ላሳያችሁ» አሉን። ጥጥ እዚያ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ይቀጥላል። ስለዚህ ኅዳርን መረጥን።

ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣን። እስከ አዳማ ያለው ብርድና ጭስ ነው፤ አላወራውም። ከወለንጪቲ በኋላ ግን አገሩ ይከፈታል፤ ፈንታሌ ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ ጃኬት መፍታት ትጀምራለህ። መተሐራ ስንደርስ መሐንዲሱ እንደ ልማዱ አስቆመን፤ በሰቃ ሐይቅ ዳር። ይህ ሐይቅ ከ60 ዓመት በፊት ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ኩሬ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ዋናውን መንገድ ገፍቷል፤ የቀድሞውን የባቡር ሐዲድም አስጨንቋል። ሌሎች ሐይቆች ሲደርቁ ይህኛው ለምን ያድጋል ብትሉ፣ ከመሬት ውስጥ የሚመነጨው ፍል ውኃ አለ፤ በዙሪያው ካሉት የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውኃም አለ፤ የትኛው ይበልጣል በሚለው ባለሙያዎች ተከራክረውበታል። ውኃው ጨዋማ ነው። መንገዱን እንዳይውጥ ሲባል በቦይ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። መሐንዲሱ ይህን ከተናገረ በኋላ በእጁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አመለከተ፤ «ያንን ውኃ ከታች የሚጠጣው ማን ይመስላችኋል? ጥጡ ነው» አለ።

ስለ ጥጥ የመጀመሪያው ቃል የተነገረው እዚያ፣ ስለ መንገድ ስናወራ ነው። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

አዋሽ ሰባት ላይ ፍየል ጥብስ በልተን፣ የድሬዳዋውን መንገድ ትተን ወደ ሰሜን ታጠፍን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። አንድ ሰዓት ያህል እንደነዳን የመንገዱ ዳር ነጣ። ከጭነት መኪና የበነነ ጥጥ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ልብስ አምራቿ ጓደኛችን ሞተሯን አቁማ አንድ እፍኝ ለቀመች፤ በጣቶቿ እየሳበች ርዝመቱን ለካች። «ስንት ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ» አለች፣ «ጥጥ ተክል ላይ ሆኖ አይቼ አላውቅም።»

እናቴን አስታወሰችኝ። እናቴ ጥጥ ስትገዛ ሻጩን «የየት ነው?» ሳትለው አትገዛም ነበር። ፍሬውን በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እያንከባለለች ታወጣለች፤ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፤ ከዚያ እንዝርቱ ይሾራል። አንድ ጋቢ ለመድረስ ስንት ልቃቂት እንደሚፈልግ ጣቷ ያውቀዋል። «የየት ነው?» ስትል ስለ አዝመራው፣ ስለ ዝናቡ፣ አንዳንዴም ስለ ባለ መሬቱ ጭምር መጠየቋ ነበር። መልስም ታገኝ ነበር። ዛሬ የለበስሁት ካናቴራ አንገቱ ላይ የተሰፋ ጽሑፍ አለው፤ የት እንደተሰፋ ይናገራል፤ ጥጡ የት እንደበቀለ ግን አይናገርም።

ጥላ ፈልገን ተቀመጥን፤ ክርክሩም ተጀመረ። ጀማሪዋ እሷ ናት። አንድ ካናቴራ 2,700 ሊትር ውኃ ይጠጣል የሚባለውን ቁጥር ሁላችንም ሰምተነዋል፤ እሷም ጠራችው። ይህ ቁጥር ያናድደኛል። ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ የዓለም አማካይ ስለሆነ ነው። በክረምት ዝናብ የበቀለ ጥጥ የጠጣው ሊትርና በበጋ ከአዋሽ የተጠለፈ ሊትር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማንም ላይ አልጎደለም፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው ሊጠጣው፣ ሌላ ከብት ሊጎነጨው የነበረ ነው። ስንት ውኃ ብሎ ከመጠየቅ የማን ውኃ ብሎ መጠየቅ ይሻላል አልሁ። መሐንዲሱ «እንግዲያውስ የማን እንደነበር እንነጋገር» አለ፤ ወደ ጋሼም ዞረ።

የማን ነበር? አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። አፋር ምድር ሲደርስ በክረምት ከአፉ ይሞላና ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ጎርፉ ሲሸሽ ሣር ይበቅላል። ዙሪያው በረሃ ነው። አርብቶ አደሩ በዝናብ ወቅት ከብቱን ወደ ሩቁ ሜዳ ይወስዳል፤ በጋው ሲጠና ወደዚያ ወንዝ ዳር ሣር ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዘመን ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተሻርኮ በታችኛው አዋሽ፣ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። መካከለኛው አዋሽም ተከተለ። ወንዙ ስለተገራ ጎርፉ ቀነሰ፤ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ደግሞ ለመስኖ ከሁሉ የተመቸው መሬት ነው። ስለዚህ ጥጡ የተዘራው ትክክል በበጋው ሣር ላይ ነው።

መሐንዲሱ ሁልጊዜ አኃዝ ይወዳል። «ከአፋር መሬት ጋር ሲነጻጸር እርሻው የተያዘው ስንት እጅ ነው? ትንሽ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከቤት ውስጥ የወሰድሁት በሩን ብቻ ነው እንደ ማለት ነው። የዓመቱን ሦስት ወር የሚያሻግር ሣር ከሌለ የቀረው ሰፊ ሜዳ ዘጠኙን ወር ለምን ይጠቅማል? ከብቱ እስከዚያ አይደርስማ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ አፋሮች እንደ አባቶቻቸው ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዙ ዳር የጠበቃቸው አጥርና ዘበኛ ነበር።

ይህን ሳስብ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እኛ ጥጥን የምንከራከርበት በውኃ፣ በመርዝና በደመወዝ ነው። ለአርብቶ አደሩ ግን ጥጥ መጀመሪያ የመንገድ ጉዳይ ነበር። በዓመት አንዴ የሚመለስበት መንገድ ተዘጋ፤ በቃ።

መሐንዲሱ ዝም አላለም፤ ዝም ባለማለቱም አልቀየምሁትም። ያነሣቸው ነገሮች በሙሉ እውነት ናቸው። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ራሳቸው ጥጥ ያስለሙ ነበር፤ ጥጥ የደገኛ ሤራ ብቻ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የኩባንያውም የሱልጣኑም እርሻ ተወረሰ፤ ሱልጣኑ ተሰደዱ፤ እርሻውም የመንግሥት ሆነ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ከመሬቱ የተወሰነው ለጎሣዎቹ ሲመለስ ብዙዎቹ ለባለሀብት አከራዩት ወይም በእኩል አሳረሱት። ወላይታና ከምባታ፣ ሀዲያና ወሎ ስንት ቤተሰብ በዚህ ለቀማ ልጅ አሳደገ! የአገሩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጥ ሲያጣ ከውጭ ይገዛል፤ በዶላር። «ይህ የተቀመጥንበት መንገድስ» አለ፣ «ግመል ያሳልፉበት ብለው የሠሩት ይመስላችኋል?» አለመሆኑን እናውቃለን። ያበጀው ጥጡ፣ ስኳሩና ወደቡ ነው። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ለቅዳሜ የምንደሰትበት እኛ ነን።

ጓደኛችን ሌላ ነገር ጨመረች። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ጨርቅ ሲያዝዛት የሚልክላት ቅጽ አለ። ለብዙ ዓመታት ኡዝቤኪስታን የተመረተ ጥጥ እንዳይኖርበት ይጠይቅ ነበር፤ መንግሥት ሕዝቡን በግዴታ ያስለቅም ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ማዕቀቡ ሲነሣ ጥያቄው ተቀየረ። «ስለ አዋሽ ግን» አለች፣ «አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝም ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ያ ሁሉ ቅጽ መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚሞላው እርሻውን ያላየ ሰው ነው፤ የሚያነብበውም እርሻውን የማያይ ሰው ነው። በዳጉ ሕግ ሁለቱም ወሬ አይባልላቸውም።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ ውኃ እየጠጡ ይሰሙ ነበር።

«እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከሰው የሰማሁትን አይደለም።»

በ1970ዎቹ ወጣት ሆነው ሲመጡ ዋናው ጠላት ጓይ ትል ነበር። እምቡጡንና ፍሬውን ቆርጥሞ ይገባበታል። መድኃኒቱ በአውሮፕላን ይረጫል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ኢንዶሰልፋን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲታገድ የተወሰነው። ያኔ ግን ቀላል ነገር ነበር፤ በርሜሉን በእጅ ያንከባልሉታል። ትሉ ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጭ ዝንብ መጣ፤ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ የሚመጥጥ፣ ሲነካ እንደ ዱቄት የሚበን። በፊትም ነበረ፤ ሌሎች ነፍሳት እየበሉት ማንም አያስተውለውም ነበር። «እኛ እነዚያን ነፍሳት ገደልናቸው» አሉ። «ትሉን ስንረጭ የዝንቡን ጠላት ጨረስንለት። ከዚያ ዝንቡን ለመግደል ጨምረን ረጨን።» ዝንቡ የሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀ ጥጥ መፍተያ ማሽን ያንቃል፤ ፋብሪካው ይመልሰዋል፤ እርሻው ይከስራል፤ ስለዚህ እንደገና ይረጫል።

«ከለቀማ በኋላ ከብትና ፍየል ወደ ማሳው ይለቀቃል» ቀጠሉ። «አገዳና ቅጠል ይበላሉ። የስንት ቀን ርጭት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ባዶውን ጀሪካን ሴቶች ገዝተው ውኃ ይቀዱበታል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል፤ አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ የራስ ቅል አለበት። ማን ያነበዋል? የራስ ቅሉን ሥዕል ያየች አንዲት ሴት፣ ሰውየው ለምን ይስቃል ብላ ጠየቀችኝ።»

ማናችንም አልሳቅንም። ጋሼ ግን ፈገግ አሉ፤ ለእኛ እንዳይከብደን ይመስለኛል። ከዚያም ሞያቸውን መከላከል ጀመሩ፤ ይህም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም በራሱ ላይ ብቻ የሚፈርድ ሰው ከመመስከር መፍረድ ይቀለዋል። አሁን በኬሚካል ብቻ የሚሠራ ባለሙያ እየቀነሰ ነው፤ ተባዩ ተቆጥሮ ከመጠን ሲያልፍ ብቻ ርጩ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ጓይ ትልን የሚቋቋም ዘረ መሉ የተለወጠ የጥጥ ዘር ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲዘራ ተፈቅዷል። በዘሩ ላይ ያላቸው አስተያየት አጭር ነበር፦ ትሉን ይከለክላል፤ መጣጩን ዝንብ አይከለክልም፤ ዘሩንም ድቅል ስለሆነ በየዓመቱ መግዛት ነው። «ማነው የሚገዛው? ብሎ መጠየቅ የእኔ ድርሻ አልነበረም። ድሮም እሱን ሳልጠይቅ ነው ጡረታ የወጣሁት።»

እርሻው ጋ ደረስን። ነጭ ነው፤ በእርግጥም ያምራል። ለቃሚዎቹ ወገባቸው ላይ ከረጢት አስረው ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ፤ የሚከፈላቸው በኪሎ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ነገር ነው። የአንድ ኪሎ ጥጥ ክምር አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ያን ቀን አየሁ፤ እቅፍ ሙሉ ነው። ከማሳው ወዲያ ደግሞ ማሳ የነበረ ነገር አለ፤ መሬቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ታየና ጓደኛችን ጥጥ መስሏት ነበር። ጨው ነው። መስኖ ያለ በቂ ማንጣፈፊያ ለዓመታት ሲጠጣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ውኃውን ትመጥጠዋለች፤ ጨው ይቀራል። መልካ ሰዲ ላይ ሙዝ ይበቅል ነበር፤ ጨው አይችልምና ሙዙ ተሸነፈ። ጥጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቆየ። ቻይ መሆን እዚህ ቦታ ብዙ የሚያስመሰግን ነገር አልመስል አለኝ።

ጨው ካሸነፈው መሬት ቀጥሎ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ዱር ነው። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ፕሮሶፒስ ነው፤ በረሃውን እንዲያለማ ተብሎ በደርግ ዘመን ከውጭ መጥቶ የተተከለ። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሄዱበት አደረሱት፤ የተተወ የጥጥ ማሳ ሲያገኝ ደግሞ ማንም አይቀድመውም። ሣር ከሥሩ አይበቅልም። እሾሁ ጫማ ይበሳል።

ጎማም ይበሳል። ስንመለስ ከእርሻው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቅን የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ከመነዳሪውን አወጣሁ፤ እሾሁ እንደ መርፌ ገብቶ ተሰብሯል። እስክለጥፍ ድረስ አንድ ልጅ እግር አፋር ፍየሎቹን ይዞ ከዱሩ ወጣ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆመ፤ ሰላምታ ሰጠን። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ጋሼንም ሆነ እኔን «አንተ» ነው የሚለው፤ በአፉ ንቀት አልነበረበትም።

ዳጉ ጀመረ። ከየት መጣችሁ አለ። ነገርነው። መተሐራ ዘንቧል? አልዘነበም። የአዋሽ ሰባት ገበያ? አላየንም። መንገድ ሰላም ነው? ሰላም ነው። መሐንዲሱ የልማዱን ሊነግረው ጀመረ፤ የትኛው ጋ አስፋልቱ እንደተቦረቦረ፣ ተሳቢዎች የት እንደሚበዙ። ልጁ በትሕትና ሰማው። ከዚያ የራሱን ጥያቄ ጠየቀ።

«ጥጡ ተለቅሞ አልቋል?»

የምሥራቁ ማሳ አልቋል፤ የወንዙ ዳር ገና ነው አልነው። አገጩን ወደ ፍየሎቹ ጣለ። ወደዚያ ሊያስገባቸው ነው፤ ዘበኛው ከለቀማ በኋላ አይከለክልም። እንግዲህ ለእሱ የመንገድ ወሬ ማለት ይህ ነበር፤ በሩ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም።

«መድኃኒት መቼ ተረጨ?»

ይህን ሲጠይቅ ያየው ጋሼን ነው። እንዴት እንዳወቀባቸው አላውቅም፤ ምናልባት ሽበታቸውን አይቶ ይሆናል። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማሳው ውስጥ ስንዞር ውለናል፤ ቅጠል ገልብጠው ነጭ ዝንብ ፈልገዋል፤ ለቃሚዎቹን ስለ ኪሎ ዋጋ ጠይቀዋል። ይህን ግን አልጠየቁም።

ምንም ሳይናገሩ ሄልሜታቸውን አጠለቁ፤ ዲቲውን በእግራቸው መትተው አስነሡና ወደ መጣንበት ተመለሱ። አቧራው እስኪጠፋ አየናቸው። ልጁ ተቀመጠ። እኔ ከመነዳሪውን ለጠፍሁ፤ ነፋሁ፤ ጎማውን መለስሁ። ጓደኛችን የለቀመችውን ጥጥ ከኪሷ አውጥታ በጣቷ ስትጠመዝዘው ትንሽ ክር ወጣት፤ ልጁ አየና ሣቀ። ፍየሎቹ ደርጊ ሃራውን ይነጫሉ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ጋሼ መጡ። ሳይወርዱ፣ ሞተሩንም ሳያጠፉ፣ «ሃያ ሁለት ቀን» አሉ።

«ማን አለ?»

«ዘበኛው።»

«እሱ ሲረጭ አየ?»

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። «እሱን አልጠየቅሁትም» አሉ።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣም። ተነሣ፤ ዱላውን አነሣ፤ በምላሱ አንድ ድምፅ ሰጥቶ ፍየሎቹን ሰበሰበና ከማሳው በተቃራኒ፣ ወደ ደረቁ ሜዳ ይዟቸው ሄደ።